ፊደል ያልቆጠረ ጣቢያ ሲቆጥር

 

ቶሮንቶ የሚኖር ሐበሻ «ቤትህ የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይናገርም። «ፔፕ ውረድ»፣ «ከግሪንውድ ወጥተህ ትንሽ ሄድ ስትል»፣ «ክሪስቲ ስትደርስ ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ» ነው የሚለው። ይህ ጠባያችን ካገር ቤት የመጣ ነው። አዲስ አበባ ሳለን «ከታክሲ ወርደህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ቀይ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ» ስንባባል ነው ያደግነው። ባሕር ተሻግረን ስንመጣ ታክሲው በምድር ውስጥ ባቡር፣ ወፍጮ ቤቱ በዶናት መሸጫ ተተካ እንጂ አነጋገራችን እንዳለ ነው። እንዲያውም ሰውን በትውልድ ቀዬው ሳይሆን በጣቢያው ስንለየው እሰማለሁ። «የትኛው ልጅ?» ሲባል «የዶንላንድሱ» ይባላል፤ በቃ፣ ታወቀ።

ባለፈው ሰሞን ፔፕ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ አንድ ወጣት ወገናችን ከጎኔ ቆሞ በስልክ መንገድ ያሳያል። «አይዞዎት እማማ፣ ምንም አያስቸግርም፣ ሰባት ጣቢያ ቆጥረው መውረድ ብቻ ነው» ይላል። ነገሩ አላስቻለኝም። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰባቱን ከየት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት? የሚሳፈሩበትን ጨምረው ነው ሳይጨምሩ?» አልኩት። ልጁ «እኚህ ሰውዬ ጤናም የላቸው» በሚል ዓይን አይቶኝ ፈቀቅ አለ። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ። ይህን የሚያስጠይቅ ታሪክ ስላለኝ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታልና ዛሬ ብናዘዘው ይቅር የምትሉኝ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) በ1993 ቅጠል ሲረግፍ የእናቴን ታላቅ እህት፣ እኛ እቴቴ የምንላቸውን፣ ከደብረ ብርሃን አስመጣኋቸው። እናቴ ቀድማ ስላረፈች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። እቴቴ ፊደል አልቆጠሩም። ገንዘብ ሲቆጥሩ፣ የጾም ቀን ሲቆጥሩ፣ ብድር የወሰደ ጎረቤት የቀጠረበትን ዕለት ሲቆጥሩ ግን ባንክ ቤት ያስንቃሉ። ያን ጊዜ የምንኖረው ግሪንውድ ጣቢያ አጠገብ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ክሪስቲ ጣቢያ አጠገብ ትኖራለች፤ በዚያ ዘመን ብሎር መንገድ ላይ፣ ከክሪስቲ እስከ ኦሲንግተን ባለው ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አለፍ አለፍ ብለው የተደረደሩበት ነበር። በጥር 1994 ልጅቷ ወለደች። እንግዲህ አራስ ሊጠየቅ ነው። እቴቴ ከሌሊት ተነሥተው ገንፎ አገነፉ፣ ቅቤ በበርበሬ አዘጋጁ፣ ገንፎውን በሙቀት መያዣ ዕቃ ከተው በጋቢ ጠቀለሉት።

እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሥራዬ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት መቁረጥ ነበር። የዚያን ጊዜ መሐል ከተማ ባሉት ዳሶች ውስጥ ያልተቀመጠ ሐበሻ መቸም ጥቂት ነው፤ መሐንዲሱም፣ ሻምበሉም፣ መምህሩም እዚያው ነበር። ስለዚህ ማታውን ቁጭ አድርጌ አስጠናኋቸው። «እቴቴ፣ እዚሁ ግሪንውድ ይሳፈራሉ። የሚያነቡት ነገር የለም። ባቡሩ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፤ እርስዎ ይቆጥራሉ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ይወርዳሉ። ባሏ እዚያ ቆሞ ይጠብቅዎታል።»

«አሥራ ሦስት» አሉ። መቁጠሪያቸውን አወጡና አሥራ ሦስተኛዋን እንክብል በክር ቋጠሩባት። ሁለት ቶክን ሰጠኋቸው፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ለወጣት አንባብያን ልንገራችሁ፤ ቶክን ማለት ጣት ላይ የማትሞላ፣ ቀላል፣ ብር መሳይ ሳንቲም ነበረች። በ1954 ከመጀመሪያው የባቡር መስመር ጋር መጣች፣ ሽያጯ በ2019 ቆመ። ስንቱ ስደተኛ የክረምት ካፖርቱን ገበር ቀዶ የጠፋች ቶክን ፈልጓል!

በማግሥቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዳሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አራሷ ናት። «እቴቴ አልደረሱም» አለች። ከቤት የወጡት በስምንት ሰዓት ነው። መንገዱ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። ውጭው ደግሞ ምራቅ የሚያደርቅ ብርድ ነው።

ዳሱን ለባልደረባ ትቼ በረርኩ። ክሪስቲ ስደርስ ባልየው ደረጃው ሥር ቆሞ እጁን ያሻሻል። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ኑዛዜው ይሄ ነውና። «ቁጥር ጠፍቶባቸው ቀድመው ወርደዋል» አልኩ። ስህተቱ የሳቸው ለመሆኑ ለአንዲት ቅጽበት አልተጠራጠርኩም። ፊደል ያልቆጠሩት እሳቸው ናቸዋ! እኔማ ዲግሪ አለኝ።

ስለዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መጡበት፣ እየተመለስኩ ፍለጋ ጀመርኩ። በየጣቢያው ወርጄ መድረኩን ዳር እስከ ዳር እሮጣለሁ፣ ወደ ላይ ወጥቼ አያለሁ፣ ተመልሼ የሚቀጥለውን ባቡር እይዛለሁ። ባተርስት የለም። ስፓዳይና የለም። ሴንት ጆርጅ ሁለት ፎቅ መድረክ አለው፤ ሁለቱንም አየሁ፣ የለም። ቤይ የለም። ያንግ ስደርስ የሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ስለሆነ ሕዝቡ የጃንሜዳን ጥምቀት ያስንቃል፤ ልዩነቱ እዚህ ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሶ ማንም ማንንም አለማየቱ ነው። በዚያ ሁሉ ጥቁር መካከል አንዲት ነጭ ጋቢ እፈልጋለሁ። ሸርበርን፣ ካስል ፍራንክ፣ ብሮድቪው፣ ቼስተር... የለም፣ የለም፣ የለም። ያን ጊዜ በየኪሳችን ስልክ የለም። በየጣቢያው የሕዝብ ስልክ ላይ ሳንቲም እየጨመርኩ «መጡ?» እላለሁ፤ «አልመጡም» ትላለች፣ ሕፃኑ ከኋላ ይሰማል።

ግሪንውድ ስደርስ ማምሻው ነው። ቶክን መሸጫው መስተዋት ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ፊቴን አይተው «ምን ሆንክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ስንት ቁጠሪ ብለሃት ነበር?» አሉኝ። «አሥራ ሦስት።» ሽማግሌው የመስመሩን ካርታ ከመስተዋቱ ሥር አውጥተው በእስክሪብቷቸው ጫፍ አንድ በአንድ ነኩት። ዶንላንድስ፣ ፔፕ፣ ቼስተር፣ ብሮድቪው፣ ካስል ፍራንክ፣ ሸርበርን፣ ያንግ፣ ቤይ፣ ሴንት ጆርጅ፣ ስፓዳይና፣ ባተርስት፣ ክሪስቲ። አሥራ ሁለት! ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ለካ ካርታውን ስቆጥር ግሪንውድን ራሱን «አንድ» ብዬ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ የነበረውን መንገድ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከክሪስቲ ቀጥሎ ያለው ኦሲንግተን ላይ በሩ ሲከፈት ነው። እቴቴ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ገንፎው ጭናቸው ላይ ነው፤ ጋቢው ተገልጦ እሳቸውን ሳይሆን ገንፎውን ነው የሸፈነው። በአንድ እጃቸው የወረቀት ብርጭቆ ይዘዋል።

«ገንፎው ሳይቀዘቅዝ አይቀርም» አሉኝ። የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ ነው።

እግራቸው ሥር ተደፋሁ። «እቴቴ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አሥራ ሦስት ብለኸኛል፤ አሥራ ሦስት ላይ ወረድኩ። ተሳስቻለሁ?»

«የለም፣ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። ግሪንውድን አንድ ብዬ ቆጥሬ...»

ትንሽ ዝም አሉ። «የቆምክበትን ትቆጥራለህ እንዴ አንተ? መንገድ የሚቆጠረው ከተነሡ በኋላ ነው እኮ!» አሉኝ። ቀጥለውም «ይኸን ቡና አንድ ፈረንጅ ሰጥቶኝ ሄደ። ስኳር የለውም» ብለው ብርጭቆውን አቀበሉኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ከዚያች አግዳሚ ንቅንቅ አላሉም። «የት ሄደህ ትፈልገኝ? ያልከኝ ቦታ ላይ ካልተገኘሁ ማን ያገኘኛል?» ነበር ያሉት። እኔ ግን ያልኳቸው ቦታ ላይ ከሁሉ አስቀድሜ መፈለግ ሲገባኝ እሱን ብቻ ትቼ ነው ከተማውን ያሰስኩት።

በሳምንቱ «ዛሬ ልጁን ልጠይቅ እሄዳለሁ» ብለው ተነሡ። «ሁለተኛ ብቻዎን አይሄዱም» አልኩ። «እኔ እኮ አልጠፋሁም ልጄ፤ የጠፋኸው አንተ ነህ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ደርሰው ተመለሱ። ያውም እኔ ከሰጠኋቸው ቁጥር በተሻለ የገዛ ራሳቸውን ስሌት ይዘው ነው የተመለሱት። «አሥራ ሁለት ብዙ ነው፤ ሰው ሲገፋህ ይጠፋሃል። እኔ ከወንዙ ነው የምቆጥረው» አሉኝ።

ከወንዙ ያሉት እንዲህ ነው። በዚህ መስመር የምትሄዱ ታውቁታላችሁ፤ ባቡሩ ከብሮድቪው ተነሥቶ ወደ ካስል ፍራንክ ሲያመራ በድንገት ከጨለማው ይወጣና መስኮቱ ሁሉ ብርሃን ይሆናል። ሥራችሁ ሸለቆ ነው፣ ዛፉ፣ የዶን ወንዝ፣ መኪናው እንደ ጉንዳን። እቴቴ ቁጥራቸውን እዚያ ብርሃን ላይ ይጀምራሉ። ከወንዙ ወዲያ ስምንተኛው ክሪስቲ ነው። ሲመለሱ ከወንዙ ወዲህ አምስተኛው ግሪንውድ ነው። ቁጥሩ አጭር ሆነ፤ መነሻውም ሊሳቱት የማይቻል ሆነ። የግድግዳው ንጣፍ ደግሞ ከጣቢያ ጣቢያ ቀለሙን ስለሚለዋውጥ ለራሳቸው መለያ አወጡለት፤ «ቅቤው»፣ «ጎመኑ»፣ «አመዱ» ይላሉ። የቀለም ትምህርት አልተማሩም ያለ ማነው?

ስለዚያ ድልድይ ካነሣሁ አይቀር ይህን ልጨምር፤ ለኔ ከዚህ ከተማ ነገሮች ሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ድልድዩ ተሠርቶ ያለቀው በ1918 ነው። ያን ጊዜ ቶሮንቶ ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር የሚባል ነገር የለም። ንድፉን ያወጡት ኤድመንድ በርክ ሲሆኑ፣ የከተማው የሥራ ኃላፊ የነበሩት አር. ሲ. ሃሪስ «ከታች ለወደፊት ባቡር የሚሆን ወለል ይኑረው» ብለው ተከራከሩ። «የሌለ ባቡር መንገድ ለምን ይከፈልበታል?» የሚል ተቃዋሚ አልጠፋም፤ እሳቸው ግን አሸነፉ። ያ ወለል 48 ዓመት ባዶውን ተቀምጦ በየካቲት 1966 የብሎር-ዳንፎርዝ መስመር ሲከፈት ባቡሩ ዘው ብሎ ገባበት። አዲስ ድልድይ መሥራት አላስፈለገም። እኛ ለመጪው ሳምንት የዕድር ስብሰባ አዳራሽ መያዝ አቅቶን ስንጨቃጨቅ ሰውየው ትዝ ይሉኛል።

(ወሬ ወሬን ያነሣል። የቶሮንቶ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,495 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዓለሙ መደበኛ ሐዲድ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ከጅቡቲ ለገሃር ድረስ ያመጣን የነበረው የድሮው የኛ ባቡር ሐዲድ ደግሞ ልክ አንድ ሜትር ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ አንድ አባት ይህን ስነግራቸው «አንድ ሜትሩም ይበቃን ነበር፣ ቢይዙልን» አሉኝ።)

እቴቴ በዚህ መስመር ላይ ሌላም ምልክት ነበራቸው። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ ሴንት ጆርጅ ጣቢያ ስንደርስ «ይኼ ማን ይባላል?» አሉኝ። «ቅዱስ ጊዮርጊስ» አልኳቸው፣ እየቀለድኩ። ቀጥ ብለው ቆመው ተሳለሙት። ከዚያ ወዲህ ያችን ጣቢያ ሳያማትቡ አያልፏትም። ስሌታቸውም በእሱ ታገዘ፤ «ጊዮርጊስን አልፈህ ሦስት።» የእውነትም ሦስት ነው፤ ስፓዳይና፣ ባተርስት፣ ክሪስቲ።

ቀልዴ እየከነከነኝ ነገሩን ባጣራ፣ ጣቢያው ስሙን ያገኘው ከመንገዱ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሎራን ኬቶን ሴንት ጆርጅ ከሚባል ፈረንሳዊ። ሰውየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስደተኛ! የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ የንጉሡ ወገን ሆኖ ተዋግቶ፣ ተሸንፎ፣ እንግሊዝ አገር የተሰደደ፣ በ1798 ከሌሎች ንጉሣውያን ስደተኞች ጋር ወደዚህ አገር የመጣ። ከተማዋ ያን ጊዜ ዮርክ ትባላለች። መጀመሪያ እየዞረ ሸቀጥ ሸጠ፣ በኋላ ሱቅ ከፈተ፣ በለጸገ። ናፖሊዮን ወድቆ ነገሥታቱ ሲመለሱ እሱም ንብረቱን ለሰው አደራ ብሎ አገሩ ገባ። ይህን ለእቴቴ ስነግራቸው ስለ ቅዱሱ ጊዮርጊስ አለመሆኑ ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አገሩ ገባ?» «ገባ» አልኳቸው። «እንግዲያው እሰየው» ብለው ማማተባቸውን ቀጠሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እቴቴ ጣቢያ እየቆጠሩ የኖሩበት ዘመን ባቡሩ ስም የማይጠራበት፣ ወይም አንዱ ሠራተኛ ጠርቶ ሌላው የሚተውበት ዘመን ነበር። ዛሬ ባቡር ውስጥ ተቀምጣችሁ «ቀጣዩ ጣቢያ እንዲህ ነው» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ስትሰሙ ከሰማይ የወረደ ሊመስላችሁ ይችላል። በክርክር የመጣ ነው። ዴቪድ ሌፖፍስኪ የሚባሉ ዓይነ ሥውር የሕግ ባለሙያ «የት እንደደረስኩ ካልተነገረኝ ባቡሩ ለኔ ምን ይሠራልኛል?» በሚል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲጠይቁ፣ ሲወተውቱ፣ ሲከሱ ኖረዋል። በ2005 የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ችሎት በምድር ውስጥ ባቡር ሁሉም ጣቢያ፣ ሁልጊዜ፣ በግልጽ እንዲጠራ ፈረደላቸው። በ2007 ደግሞ ለአውቶቡሱና ለመንገድ ላይ ባቡሩ አስፈረዱ። የትራንስፖርት ድርጅቱ እነዚህን ሁለት ክሶች ለመከላከል ለጠበቃ ያወጣው ወጪ ወደ 450,000 ዶላር መሆኑ በኋላ በጋዜጣ ወጣ። አስቡት፤ ጣቢያ ላለመጥራት!

እኔ ያን ዜና ያነበብኩት በምሳ ሰዓት ነው። ማታ ቤት ገብቼ ለእቴቴ ነገርኳቸው። ብዙ ነገር ያለቅሳሉ ብዬ አላስብም፤ ያን ማታ ግን ዓይናቸው ሞላ። «ዓይነ ሥውር ነው ያልከኝ?» አሉ። «አዎ።» «እኔስ ዓይን እያለኝ ምን አየሁ? ለኔም ጭምር ነው የተሟገተልኝ።» እሑድ ቤተ ክርስቲያን በስማቸው ጧፍ አበሩላቸው። ስማቸውን መያዝ ስላቃታቸው «ያ ጣቢያ ያስጠራው» ብለው ነው። ጠበቃው ደብረ ብርሃን ተወልደው ባሁኑ ሰዓት ቶሮንቶ ውስጥ አንዲት ባልቴት እንደምትጸልይላቸው አያውቁም።

እሑድን ካነሣን፣ ባቡሩ እሑድ እሑድ የሚጀምረው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ድሮማ ሦስት ሰዓት ነበር። ቅዳሴ ግን ባቡር አይጠብቅም። እናቶቻችን በሌሊት አውቶቡስ፣ በበረዶ፣ ነጠላ ተከናንበው ዳንፎርዝ ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ያየ ያውቀዋል። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ሌፖፍስኪ አንድ ሰው ናቸው፤ እኛ ስንት ነን? አንድም ቀን «የእሑዱ ሰዓት ይታሰብበት» ብለን በማኅበር ደረጃ ደብዳቤ የጻፍንበትን ጊዜ አላስታውስም። ቢኖር አርሙኝ፣ በደስታ እታረማለሁ።

ዛሬ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ዳንፎርዝ ላይ ምግብ ቤቶቻችንና ቡና ቤቶቻችን አሉ፤ ባለቤቶቹና ተመጋቢዎቹ ግን ኪራዩ እየገፋቸው ከባቡሩ ርቀዋል። እኔም ሄጃለሁ፤ እቴቴም ከወንድማቸው የልጅ ልጆች ጋር ስካርቦሮ ገብተዋል። ስካርቦሮ ያለው ሰው ከመስመሩ ማብቂያ ከኬኔዲ አልፎ የሚያደርሰው ትንሽ ባቡር ነበረው፤ በ1985 የተከፈተ፣ ስድስት ጣቢያ ያለው። በሐምሌ 24 ቀን 2023 ማታ የኋላው ፉርጎ ከሐዲዱ ወጣ፤ አምስት ሰዎች ተጎዱ። ቀድሞም ሊዘጋ ወራት ቀርቶት ነበርና በዚያው ተዘግቶ ቀረ። በምትኩ 7.8 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ሦስት ጣቢያ ያለው አዲስ የምድር ውስጥ መስመር እየተቆፈረ ነው። እስከዚያው አውቶቡስ ነው። ድሮ «ፔፕ ውረድ» ብሎ የሚጠራህ ሰው ዛሬ ሁለት አውቶቡስ አስይዞ «ከዚያ ደውል» ይልሃል። ሰውየው አልከፋም፤ ርቀቱ ነው። በዚህ ምክንያት የማልጠይቃቸው ሰዎች ስም በወረቀት ቢጻፍ ይህን ዓምድ ይሞላል።

ባለፈው ወር እቴቴ ደወሉልኝ። ያ በጥር 1994 ገንፎው የቀዘቀዘበት ሕፃን፣ ሴት ናት፣ ዛሬ ራሷ ወልዳለች። አራስነቷን የያዘችው እናቷ ቤት ነው፤ ያው ክሪስቲ። «ትወስደኛለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» አሉኝ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። «መኪና አለኝ እቴቴ፣ በመኪና አደርስዎታለሁ» አልኩ። «የለም፣ በባቡሩ ነው» አሉ።

በአውቶቡስ ኬኔዲ መጣን፣ ተሳፈርን። ገንፎው እኔ ጭን ላይ ነው፤ በሱ እንኳ ካሁን በኋላ ታምኜአለሁ። ግሪንውድን ስናልፍ መስኮቱን አዩት፣ ምንም አላሉም። ብሮድቪውን ለቀን ባቡሩ ወደ ብርሃኑ ሲወጣ ሸለቆው በረዶ ለብሶ ተዘረጋ። ያኔ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ድምፁ ጣቢያውን በጠራ ቁጥር አንዲት እንክብል ያሳልፋሉ። እኔም ሳላውቀው በጣቴ መቁጠር ጀምሬአለሁ። ሴንት ጆርጅ ሲባል ከዘራቸውን ተደግፈው ከወንበራቸው ከፍ ብለው አማተቡ፤ አጠገባችን የተቀመጠች ወጣት የጆሮ ማዳመጫዋን አውጥታ ወደ ጣራው ተመለከተች፣ ምን እንዳዩ ለማየት።

ስፓዳይና። ባተርስት። ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ «ስምንት» አሉና ቀና አሉ። ድምፁ «ክሪስቲ» አለ።

«ዛሬስ ተስማማን» አሉ። ለኔ ይሁን ለድምፁ አላወቅሁም። እጃቸውን ይዤ ወረድን። ደረጃው አናት ላይ ልጅቷ ባል ቆሞ ይጠብቀናል፤ ገንፎውን ስሰጠው ክዳኑን ዳሰስ አድርጎ «ገና ይፋጃል» አለ።